በሸበጥ የመጣው ሰው

ፍቅርአዲስ በጥፍሯ ቆንጥራ ያልቀመሰችውን ቅቤ ገዝታ አታውቅም። ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ቅቤ ይዞ የመጣ ሁሉ እሷ ፊት ሲደርስ ልቡ ይመታል። ኮባውን ትገልጣለች፣ ቆንጠር ታደርጋለች፣ መዳፏ ላይ አሽታ ታሸታለች። ከዚያ ወይ "ስንት ኪሎ ነው?" ትላለች፣ ወይ ደግሞ "ሂድ፣ ይሄን ቅቤ ውስጥ የቀላቀልከውን ሙዝ ለልጆችህ አብላ" ብላ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ትመልሰዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያታለላት ሰው የለም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ጎረቤቷ ሳሌሃ እየሳቀች መጣች። ሳሌሃም ቅቤ ሻጭ ናት። የልጇ ባል ከወልቂጤ ሚኒባስ ስለሚነዳ የፍቅርአዲስን ደብዳቤ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሙሽሪት! ፖስታሽ መጥቷል። ዛሬስ ቀጠን ብሏል፣ መምህሩ ቀለም አለቀባቸው መሰለኝ።"

"ወዲያ ሂጂ፣ አንቺ ነገረኛ" አለች ፍቅርአዲስ። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ለሌላ ወረቀት እጇን ጠርጋ አታውቅም።

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"ለፍቅርአዲስ። ብዙ አሰብኩበት። አንቺና እኔ አብረን የምንሆን ሰዎች አይደለንም። ከእንግዲህ አትጠብቂኝ፣ በጤና ኑሪ። በኃይሉ።"

ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። የከበዳት ቃል ቢኖር ትንሽ በተጽናናች ነበር፤ ሳነብ አጣምሜው ነው ባለች ነበር። አንድም የከበዳት ቃል የለም። ፊደል ያስቆጠራት ሰው በዚያው ፊደል አሰናበታት።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለች ሳሌሃ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

"ምንም" አለች ፍቅርአዲስ። ቅቤዋን መሸፈን ረስታ ፀሐይ ላይ አቀለጠችው። በሃያ ዓመት የገበያ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነው።

*

ፍቅርአዲስ ትምህርት የተወችው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ባሏን በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ቀበረች፣ ልጅ አልነበራቸውም። በአርባ አንድ ዓመቷ፣ ሰው ሁሉ "ምን ሊያደርግልሽ?" እያላት፣ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። አስተማሪው የደብረ ታቦር ሰው ነበር፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ በኃይሉ የሚባል፣ ረጅም፣ ጭምት፣ ጫማውን እንደ መስታወት የሚወለውል። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ስሎ አንዲት ነጥብ አስቀመጠና "ይቺ ቡታጅራ ናት" አለ።

"ይቺ?" አለች ፍቅርአዲስ ከኋላ። "መምህር፣ የኛ ገበያ ብቻውን ከዚህች ይበልጣል! ቢያንስ እንደ ባቄላ ያድርጓት እንጂ!"

በኃይሉ ጠመኔው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያም ቡታጅራን እንደ ባቄላ አደረጋት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይኑ ወደ ኋላ ወንበር መሄድ አበዛ፤ እሷም ነጠላዋን ማስተካከል አበዛች።

ወደ ወልቂጤ ሲዛወር በደብዳቤ ቀጠሉ። ስልክ አላቸው፤ ግን እሱ "መጻፍ እንዳትረሺ" አለ፣ እሷም ስልክ ላይ ድምፁን ስትሰማ መልስ ይጠፋባታል። የጻፈችለትን በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ግርጌው ላይ ነጥብ አድርጎ ይመልስላታል። ሰባት ከአሥር። ስምንት ከአሥር። ዘጠኝ ላይ ደርሳ ቆመች። "አሥር መቼ ነው?" ብትለው "አሥር ከሰጠሁሽ መጻፍ ትተይብኛለሽ" አላት። እሷ ግን እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነው የምትለው። "አንተ በይኝ" ብሎ ቢለምናትም አፏ እምቢ አለ። መምህር መምህር ነው።

ሲታመምም አልደበቃትም። አንጀቱ ላይ እጢ ወጥቶ በቀዶ ሕክምና አወጡለት፤ አሁን በየሦስት ሳምንቱ ሐሙስ አዲስ አበባ እየሄደ በክንዱ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ይወስዳል። "እጢው እንዲያድግ ደም ይፈልጋል" ብሎ ነግሯታል። "የራሱን የደም ስር ያበቅላል። መድኃኒቱ ያን እንዳያበቅል ያግደዋል። የቀረ ካለ ደም አጥቶ ይከስማል።"

"ቦዩ እንደተዘጋበት አረም" አለች። "በርቱ፣ መምህር።" ልቧ ያን ጊዜ ቆረጠ። ታመመ ብላ አንድ እርምጃ አልሸሸችም።

ታላቅ ወንድሟ ገብረወልድ ግን ነገሩን አልወደደውም። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ቤት አለው፤ ሰውን ሁሉ ከእግሩ ነው የሚያየው። "የተማረ ሰው ዛሬ ፊደል ያስተምርሻል፣ ነገ በፊደሉ ይንቅሻል" ይላል። ቢሆንም እህቱ ግትር ናት። "በመስቀል ይምጣና እንየው" አለ።

መስቀል ሆነ። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም የመጣው ዘመድ ሁሉ ገብቶ ቤቱ ጢም ብሏል። በኃይሉ በሙሉ ልብስና በክራቫት መጣ። እግሩ ላይ ግን ሸበጥ! ጣት የሚያሳይ የጎማ ሸበጥ!

የገብረወልድ ዓይን ከዚያ ሸበጥ ላይ አልተነሳም። ይባስ ብሎ ፍቅርአዲስ ለሱ ብላ ሦስት ቀን የደከመችበት ክትፎ ሲቀርብ፣ በኃይሉ ሁለቴ ጎረሰና ሳህኑን ገፋ አደረገው። "ጨው በዛብኝ፣ ይቅርታ" አለ በቀስታ።

ጨው በዛብኝ! ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ጉራጌ ቤት፣ በመስቀል!

ፍቅርአዲስ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። ያ አስተያየት ነው ያልለቀቃት። ናቀኝ አለች። ቤቴን አይቶ፣ ሰዎቼን አይቶ፣ እጄን አይቶ ናቀኝ። እንግዲህ ደብዳቤው ሲመጣ የተረዳችው በዚሁ ነው።

ያን ማክሰኞ ገብረወልድ ሰምቶ "አልነገርኩሽም?" አላት።

"ጋሼ፣ ነግረኸኛል። ግን ይሄን ነገር ፊቴ ቆሞ ይድገመው። ካልቀመስኩ አላምንም።"

*

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ተራራውን ሲወጡ ብርዱ አጥንት ገባ፤ አረቅጥ ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ተለጠፈ። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች። አንደኛ እንዲህ እለዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዲህ እለዋለሁ። ወልቂጤ ስትደርስ ስድስተኛው ላይ ነበረች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ሽባባው ተቀምጠዋል፤ ሸምገል ያሉ፣ ካፖርታቸው ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሰው።

"መምህር በኃይሉ አሉ?"

"ወደ ቤታቸው ገብተዋል፣ እዚያ ቢጫው በር ነው። ማን ልበል?"

"የቡታጅራዋ ነኝ።"

"ኧ! የቅቤዋ እትዬ!" ሽባባው ብድግ አሉ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንኳን መጡ። አንድ ነገር እርስዎ ቢጠይቁልኝ። እኔስ አፈርኩ።"

"ምኑን?"

"ኧረ ይቅር፣ ለሴት አይነገርም።"

"ጋሼ ሽባባው፣ ሃያ ዓመት ገበያ ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ። ለእኔ የማይነገር ነገር ገና አልተፈጠረም።"

"ሽንቴን ነው" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ሽንቴን። ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት በብልቃጥ ይወስዱብኛል። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው። ለምን ስላቸው 'ለትምህርት ማሳያ' ይሉኛል። እትዬ፣ እስቲ ይፍረዱ፣ የጂኦግራፊ መምህር በእኔ ሽንት ምኑን ያሳያል? ዓባይን ነው? ሚስቴ ይታገሱ ደግሞ 'መተት ሊያሠሩብህ ነው' ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ።"

ከካፖርታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። ፍቅርአዲስ እንደ ልማዷ ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ኩልል ያለ ነው።

"ጤነኛ ነዎት" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ ሽባባው፣ ደረታቸው ነፋ ብሎ።

እሷ ግን እዚያው እንደቆመች ቀረች። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅል ሰው ለምን እንደሚቀላቅል ታውቃለች፤ የራሱ ዕቃ ተበላሽቶበት ነው። ሸበጡ። ጨው በዛብኝ ያለው። ዓይኑን የሰበረው። አንድ በአንድ መጡባት። መንገድ ላይ ያሰናዳቻቸው ስድስት ስድቦች ጠፉ።

"ይሄን እኔ አደርስላቸዋለሁ" አለችና ወደ ቢጫው በር ሄደች።

*

በኃይሉ በሩን ከፍቶ ሲያያት በግድግዳው ተደገፈ። ከዓይኑ ሥር አብጧል። እግሩ ላይ ያ ሸበጥ ነው፤ የሸበጡ ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።

ምንም ሳትል ገባች። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤውን አስቀመጠች። አጠገቡ የሽባባውን ብልቃጥ አስቀመጠች።

"ከሁለቱ ያንተ የትኛው ነው?"

አንተ አለችው። አስባው ሳይሆን አምልጧት። እሱም ሰማ፤ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሐል ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲታገል አየችው።

"ደብዳቤው የእኔ ነው" አለ።

"ውሸት። እሱንም የተዋስከው ነው። አንተ እንዲህ ዓይነት አማርኛ አትጽፍም። የራስህን አሳየኝ።"

"የራሴን ምን?"

"ሽንትህን! ምን ታፍራለህ፣ የሰው ሽንት በጋዜጣ ስትጠቀልል አላፈርክም!"

በኃይሉ ሊቆጣ አሰበ፣ ሊስቅም አሰበ፣ በመጨረሻ እንደ ተቀጣ ተማሪ ብርጭቆ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ፊቱን አዙሮ አቀበላት። መስኮቱ ላይ አኖረችውና ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁ። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ቆሟል፣ አሁን እንደታለበ ወተት። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ሆነ። አረፋው አልሰከነም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከነሐሴ" አለ። "መድኃኒቱ ነው። ኩላሊት ይነካል ብለው ነግረውኝ ነበር። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሽንት የሚመረምሩት ለዚህ ነው። የደም ግፊቴም ጨምሯል፤ ጨው ቀንስ ብለው ኪኒን ሰጡኝ።"

"ታዲያ ለምን ትደብቃቸዋለህ?"

በኃይሉ ብርጭቆውን ከመስኮቱ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

"ሐኪም ቤት ከጎኔ የሚቀመጥ የጥያ ሰው ነበር፣ አቶ ሀብተወልድ። ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስደው። መድኃኒቱ እስኪያልቅ በቀልድ ይገድለን ነበር። አንድ ሐሙስ 'ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን በዝቷል፣ ዛሬ አንሰጥዎትም' አሉት። ኮቱን ለበሰና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው። ፍቅርአዲስ፣ እኔን የያዘኝ ይሄ መድኃኒት ነው። ከከለከሉኝ…"

"ሰውየው የት እንደገባ ጠየቅክ?"

"እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?"

"በአፍ!"

በኃይሉ ወደ ሸበጡ አየ። ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆነ። "በመስቀል ጫማዬ አልገባ አለኝ። ብዙ ታገልኩ። በሸበጥ ስገባ የወንድምሽን ፊት አየሁ፣ ያንቺንም አየሁ። ያን ክትፎ ሙሉውን ብበላው ደስ ባለኝ። እዚያው ሆኜ አሰብኩ፤ ይቺ ሴት አንዴ ባል ቀብራለች። ሁለተኛ እኔ አላስቀብራትም። ናቀኝ ብላ ብትጠላኝ ይሻላታል አልኩ።"

ፍቅርአዲስ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንስታ ደረቷ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ስትናገር እንባዋም ቁጣዋም አብሮ መጣ።

"የአምስት ሳንቲም ቅቤ እንኳ ሳልቀምስ አልገዛም። አንተ ሐዘኔን መርጠህ፣ ጠቅልለህ፣ በሚኒባስ ትልክልኛለህ? ማን ሾመህ? ባዝን የእኔ ነው፣ ብቀብርም የእኔ ነው! ግን በሰው ሽንት ተደብቀህ ከሞትክብኝ፣ በኃይሉ፣ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ነው የምጣላህ!"

እሱም ያን ጊዜ ሳቀ። ጠመኔው የወደቀ ጊዜ እንደሳቀው። ሳቁ ውስጥ ግን ዓይኑ ሞላ፣ እጁን ሰዶ እጇን ያዘ። እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ያ ክፉ አረፋ መስኮቱ ላይ እንደቆመ፣ ልባቸው ግን ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰከነ።

ፍቅርአዲስ ስትወጣ ብልቃጡን ለሽባባው መለሰችላቸው። "ጋሼ፣ ሽንትዎ አገልግሎቱን ጨርሷል። ለይታገሱ መተት የለም በሏት።" ያን ቀን ማረፊያዋ እነሱው ቤት ሆነ፤ ይታገሱም እውነቱን ስትሰማ ባሏን "እኔ ድሮም የምታስቀና መሆንህን አውቃለሁ" አለቻቸው።

*

ሐሙስ በጠዋት አዲስ አበባ ገቡ። ነርሷ ለበኃይሉ ባዶ ብልቃጥ ስትሰጠው ፍቅርአዲስ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

"እዚህም ትጠብቂኛለሽ?" አለ።

"የገበያ ሰው ሚዛኑን ጥሎ አይሄድም።"

ሐኪሟ ዶክተር ናዝራዊት ትባላለች፣ ገና ወጣት ናት፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ይንሸራተታል። ውጤቱን አየች፣ ያለፉትን አየች፣ እንደገና አየች።

"አቶ በኃይሉ፣ ባለፈው ሽንትዎ የሃያ ዓመት ልጅ ሽንት ይመስል ነበር። በሦስት ሳምንት ምን ነካው?"

በኃይሉ ነርሷ የመለሰችለትን ብልቃጥ በእጁ አገላበጠ። "ባለፈው… የእኔ አልነበረም።"

ተናገረ። ሁሉንም። ዶክተሯ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ ልጅ ብትሆንም እንደ እናት ነው የተቆጣችው። "ኩላሊትዎን እስከ ወዲያኛው ሊያጡ ይችሉ ነበር! ግፊቱስ? አንጎልዎ ውስጥ ደም ቢፈስስ? እኛ ባላየነው ነገር እንዴት እንረዳዎታለን?"

"ልክ ነሽ፣ ዶክተር፣ ጨምሪለት" አለች ፍቅርአዲስ። "እኔም ጀምሬለት ነበር።"

ዶክተሯ ተንፈስ አለችና ወንበሯን አስጠጋች። "ስሙኝ። መድኃኒቱ የእጢውን የደም ስር ያግዳል፣ ጥሩ። ግን ኩላሊት ውስጥም ደም የሚያጣሩ ቀጫጭን የደም ስሮች አሉ፣ እንደ ወንፊት። እነሱም ለመጠገን ያንኑ እጢው የደም ስር የሚያበቅልበትን ነገር ይፈልጋሉ። ሲታገድባቸው…"

"ወንፊቱ ይሰፋል" አለች ፍቅርአዲስ።

"በትክክል። ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ሾልኮ ሽንት ውስጥ ይገባል። አረፋውም፣ እብጠቱም ከዚያ ነው።"

"ታዲያ ወንፊቱ እስኪጠገን ዱቄት መንፋት ማቆም ነዋ!"

ዶክተር ናዝራዊት መነጽሯን ወደ ላይ ገፋችና ሳቀች። "እኔ ይሄን ለማለት ስንት ዓመት ተማርኩ መሰለዎት።" ከዚያ ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ የበኃይሉን ቅልጥም ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ሊጥ ላይ እንደቀረ ጣት። ዶክተሯ ቀና አለች። "ለጊዜው እናቆመዋለን፣ ለስድስት ሳምንት። የግፊቱን ኪኒን እንቀይራለን፣ አዲሱ ለኩላሊቱም ይረዳል። ጨው የለም። ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑ ይወርዳልና መልሰን እንጀምራለን። ካልወረደም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፤ ይወርዳል ብዬ አልምልም። ብቻ ማቆም ማለት መተው አይደለም፣ አቶ በኃይሉ።"

በኃይሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ግን አላመነም። ያች ባዶ ወንበር ዓይኑ ውስጥ አለች።

"ቤት ውስጥ ግፊት የሚለካ፣ ጨው የሚከለክል፣ እግሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል" አለች ዶክተሯ፤ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረች። "እርስዎ ምናቸው ነዎት?"

ፍቅርአዲስ በደብዳቤ የተሰናበተች ሴት መሆኗ ትዝ አላት። ምን ትበል? ወደ በኃይሉ አየች። እሱ ግን የመስቀል ዕለት እንዳደረገው ዓይኑን አልሰበረም።

"ሚስቴ ናት" አለ።

"ገና አልጠየቀኝም!" አለች ፍቅርአዲስ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

"አሁን ልጠይቅሻ።"

"እዚህ? ብልቃጥ እጅህ ላይ ይዘህ?"

"ይሄኛው የራሴ ነው" አለ በኃይሉ። "ፍቅርአዲስ፣ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። የታመመ ኩላሊት፣ የማይገባ ጫማ፣ ስንት እንደሆነ የማላውቀው ዕድሜ። አይተሽ፣ ቀምሰሽ፣ ከፈለግሽ ውሰጂኝ።"

ፍቅርአዲስ ደረቷ ውስጥ እጇን ከትታ ያን ደብዳቤ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዶክተሯ እስክሪብቶዎች መሐል ቀዩን መረጠች። ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ትልቅ መስመር ጎተተችበት። ግርጌው ላይ ጻፈች፤ ዜሮ ከአሥር።

"ይሄን ደግመህ ትጽፋለህ" አለችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ዶክተሯም መነጽሯን አውልቃ ያልቆሸሸውን መስታወት ስትወለውል ቆየች።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ አንድ ወፈር ያለ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተንጋሎ ሙዝ ይልጣል።

"መምህር! አለህ እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

በኃይሉ ቆመ። "አቶ ሀብተወልድ… አንተስ አለህ?"

"የት ልሂድ? ሁለት ወር አሳረፉኝ፣ ወንፊቴ ሲጠገን መልሰው ጀመሩልኝ። ቀኔ ወደ ማክሰኞ ተዛወረ እንጂ! ዛሬ ለውጤት መጥቼ ነው። እኔ ደግሞ አንተን ሳጣህ… እግዜር ይይልህ፣ ጥያ ላይ ስንት ሻማ አብርቼልሃለሁ!"

ሁለቱ ሰዎች ተቃቀፉ። ፍቅርአዲስ ከጎን ሆና አየቻቸው። ሳቋ መጣ፤ አንዱ አንዱን ቀብሮ ሁለቱም በሕይወት አሉ። "በአፍ ቢጠየቅ ኖሮ…" አለች ለራሷ፤ ደስታዋ ግን ነገሩን እንድትጨርሰው አልፈቀደላትም።

*

ኅዳር አለቀ። በኃይሉ ውጤቱን ይዞ ከአዲስ አበባ በጥያ በኩል ቡታጅራ ሲገባ ገብረወልድ ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ፍቅርአዲስ እውነቱን ሁሉ ለወንድሟ ነግራዋለች፤ እሱም ያን ቀን ምሳ አልበላም ነበር።

በኃይሉ ደጃፍ ላይ ቆመ። አሁንም በሸበጥ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ እግር እግሩን አየ።

"ደግሞ በሸበጥ?" አለ ገብረወልድ።

"ጫማ ልገዛ ፈለግኩ" አለ በኃይሉ። "ግን ከማን እንደምገዛ አውቃለሁ።"

ገብረወልድ ብድግ ብሎ ከጓዳ አዲስ ጥቁር ጫማ ይዞ መጣ፤ ለካ አዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ሠላሳ ዓመት ለማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ሽማግሌዎቹ እያዩ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። "በል እግርህን አምጣ፣ አማች። ሸበጥህን ያየሁበትን ዓይኔን ይቅር በልልኝ።"

"ቆይ፣ ጋሼ!" አለች ፍቅርአዲስ። "ሳይታይ አይገባም።"

ተንበረከከች። በየሳምንቱ ወልቂጤ እየተመላለሰች እንዳደረገችው አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈች። በመጀመሪያው ሳምንት ጉድጓዱ ቡና እስኪፈላ ይቆይ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ዓይን እስኪርገበገብ። ጫን አደረገች፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ለቀቀች።

ምንም የለም። ቆዳው ሙሉ ነው።

"ፕሮቲኑም ወርዷል" አለ በኃይሉ ከላይ፣ በቀስታ፣ ለእሷ ብቻ። "በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒቱን መልሰው ይጀምሩልኛል። እየተመረመርኩ፣ በራሴ ብልቃጥ።"

ጫማው ገባ። ገብረወልድ ማሰሪያውን አሰረለት። ክትፎው ቀረበ፤ ጨው የሌለው ክትፎ፣ ያውም ቡታጅራ ውስጥ! ገብረወልድ አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማደደ። "እህቴ፣ ፍቅርሽን በዚህ ነው የማውቅልሽ" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

በኃይሉ ግን ሳህኑን እስከ መጨረሻው ጠረገው። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ደግሞ የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ በጠረጴዛው ሥር አቀበላት። አንድ መስመር ነበር። "ጠብቂኝ፤ እኔም እጠብቅሻለሁ።" ፍቅርአዲስ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዳያልቅባት አነበበችው።

"ስንት ሰጠሽኝ?" አለ በሹክሹክታ።

"ዘጠኝ።"

"አንዷስ?"

"አሥር ከሰጠሁህ መጻፍ ትተውብኛለህ" አለችው፤ ወረቀቱንም አጥፋ ደረቷ ውስጥ፣ ልቧ የሚመታበት ቦታ ላይ ከተተችው።